«ፀሐይ» ብለን ስንፈልግ «ጸሃይ» ለምን አትመጣም? የአማርኛ ስም፣ ቀንና ጽሑፍ በፕሮግራሞቻችን ውስጥ

ጓዳ_ኮድ፦
ጤና ይስጥልኝ። የአንድ የጤና ተቋም የካርድ ክፍል የሚጠቀምበትን ፕሮግራም እንዳድስ ተሰጥቶኛል። የሠራው ሌላ ድርጅት ነው፤ እኔ የተረከብሁት ከነችግሩ ነው። አንዲት እናት ከዚህ ቀደም «ዓለምፀሐይ» ተብለው ካርድ ወጥቶላቸው ነበር። ተመልሰው ሲመጡ ሠራተኛዋ «አለምጸሃይ» ብላ ፈለገች፤ ፕሮግራሙ «አልተገኘም» አለ፤ አዲስ ካርድ ወጣላቸው። የማይስማማቸው መድኃኒት የተጻፈው በድሮው ካርድ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ድርብ ካርድ በመረጃ ቋቱ ውስጥ እጅግ ብዙ ነው።

«ሠራተኞቹ በትክክል ይጻፉ» የሚል ምክር ተሰጥቶኛል። አልቀበለውም። በዚህ ስም ውስጥ ለመጀመሪያው ፊደል አራት ምርጫ አለ (አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ)፣ ለ«ፀ» ሁለት፣ ለ«ሐ» ደግሞ ስድስት (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ)። ሲባዛ አንድ ስም በ48 ዓይነት አጻጻፍ ሊመዘገብ ይችላል ማለት ነው። በሽተኛ ተሰልፎ እየጠበቀ ከ48ቱ የቱ እንደተጻፈ እንዲገምት ሰውን ማስገደድ ነውር ነው። ይህ የማሽኑ ሥራ ነው። እናንተ እንዴት ነው የምትሠሩት?

ፊደል_ቆጣሪ፦
መጀመሪያ አንድ ወጥመድ ላስጠንቅቅህ። ብዙ ሰው «ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መለኪያ) ራሱ ጽሑፍን ወደ አንድ መልክ የሚያመጣ ፋንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) አለው» ብሎ እርሱን ይጠራና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ያ ፋንክሽን ለፈረንሳይኛ ወይም ለቬትናምኛ ይጠቅማል፤ እነርሱ ጋ አንድ ፊደል ከነምልክቱ በሁለት መንገድ ሊጻፍ ስለሚችል ነው። የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው፤ «ሐ» እና «ሀ» ለዩኒኮድ ፍጹም የተለያዩ ናቸው። ፋንክሽኑ ምንም ሳይለውጥ፣ ስህተትም ሳያሳይ ጽሑፍህን እንዳለ ይመልስልሃል።

መፍትሔው ሁለት ዓምድ ነው። አንደኛው ባለቤቱ እንደጻፈው የሚቀመጥበት ነው፤ እርሱን ማንም አይነካውም፤ በካርዱ ላይም የሚታተመው እርሱ ነው። ሁለተኛው ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ነው፤ በውስጡ የ«ሐ» እና የ«ኀ» ዘር ሁሉ ወደ «ሀ»፣ «ሠ» ወደ «ሰ»፣ «ዐ» ወደ «አ»፣ «ፀ» ወደ «ጸ» ተለውጦ ይቀመጣል። ራብዑን ከግዕዙ ጋር ማዋሐድ (ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ) የሚያስፈልገው በእነዚህ በሁለቱ ድምፆች ብቻ ነው። «ላ»ን ወደ «ለ» ብትለውጥ ግን ስሙን አበላሸኸው። ኢንዴክሱን (ፍለጋን የሚያፋጥነውን ማውጫ) በሁለተኛው ዓምድ ላይ ሥራ። ፈላጊው የሚጽፈውንም በዚያው ፋንክሽን አሳልፈው። ፋንክሽኑ አንድና አንድ ብቻ ይሁን፤ አንዱ በሰርቨሩ፣ ሌላው በስልኩ መተግበሪያ ውስጥ ለየብቻ ከተጻፈ ከጊዜ በኋላ መለያየቱ አይቀርም።

ሰሜን_ኮከብ፦
በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ከባድ ጉዳይ ነው። ይህ ደንብ የአማርኛ ነው። በትግርኛ «ሀ» እና «ሐ»፣ «አ» እና «ዐ» በድምፅም ይለያያሉ፤ ብታዋሕዷቸው ሁለት የተለያዩ ቃላት አንድ ይሆናሉ። በአንጻሩ «ጸ» እና «ፀ» በትግርኛም አንድ ድምፅ ናቸው። ስለዚህ «የግዕዝ ፊደል ማስተካከያ» የሚል ጥቅል ፋንክሽን አትጻፉ፤ ቋንቋውን የሚቀበል ይሁን። ተቋሙ የሚያገለግለው ሁለቱንም ቋንቋ ተናጋሪ ከሆነ፣ ከተለያየው አጻጻፍ ጋር የሚገጥመው ውጤት ከታች ይምጣ እንጂ ከትክክለኛው እኩል አይሰለፍ።

ጓዳ_ኮድ፦
@ሰሜን_ኮከብ ይህን አላሰብሁበትም ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፋንክሽኑን ቋንቋ እንዲቀበል አደርገዋለሁ።

@ፊደል_ቆጣሪ ሁለቱ ዓምድ ግልጽ ነው። ግን «ማርያም» እና «ማሪያም» አሉ፤ «ኳ» እና «ኩዋ» አሉ። ከሁሉም የባሰው «ገ/ማርያም»፣ «ኃ/ሚካኤል»፣ «ወ/ጊዮርጊስ» ነው። በዚህ መልክ የተጻፈው ስም በሺህ የሚቆጠር ነው።

ፊደል_ቆጣሪ፦
«ማርያም» እና «ማሪያም» ቀላል ናቸው። ሌቨንሽታይን በ1965 (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው የርቀት ስሌት (አንዱን ቃል ወደ ሌላው ለመቀየር ስንት የፊደል ለውጥ እንደሚያስፈልግ የሚቆጥረው) ለእኛ ፊደል እጅግ ይመቻል። አንድ ፊደል አንድ ቁጥር ስለሆነ «ር» ወደ «ሪ» መለወጡ እንደ አንድ ለውጥ ብቻ ይቆጠራል። በላቲን ፊደል ቢሆን አናባቢ ይጨመራል፣ ፊደል ይደረባል፣ ርቀቱም ይሰፋል። በእንግሊዝኛ ድምፅ ላይ ተመሥርቶ የተሠራውን የሳውንዴክስ ዘዴ ግን ተወው፤ ለእኛ አይሆንም።

ሌላ የምወደው ዘዴ አለ። በዩኒኮድ የኢትዮጵያ ፊደል የተደረደረው ስምንት ስምንት እየሆነ ነው። በአሥራ ስድስት መሠረት ሲቆጠር (ከ1208 ስምንት ሲቆጠር 1210 ይሆናል) «ሀ» 1200፣ «ለ» 1208፣ «ሐ» 1210፣ «መ» 1218 እያለ ይሄዳል። የፊደሉን ቁጥር ለስምንት ስታካፍለው ድርሻው የፊደሉን ዘር፣ ቀሪው ደግሞ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ መሆኑን ይነግርሃል። የዘሩን ብቻ ይዘህ አናባቢውን ብትጥለው የስሙ አጽም ይቀርሃል፤ «ማርያም» እና «ማሪያም» አንድ አጽም አላቸው። እንደ «ቈ» እና «ጐ» ያሉት ዲቃላ ፊደላት የራሳቸው ረድፍ ስላላቸው ለእነርሱ ትንሽ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። በተረፈ አንድ መስመር ኮድ ነው። የእኛን ፊደል ገበታ በዚህ ሥርዓት ያስገቡት ሰዎች ለፕሮግራም አዘጋጅ ትልቅ ውለታ ውለዋል።

የሕዝባሯ (የ«/» ምልክቷ) ግን ሌላ ነው። «ገ/» አብዛኛውን ጊዜ «ገብረ» ነው። «ወ/» ግን ለወንድ «ወልደ»፣ ለሴት «ወለተ» ሊሆን ይችላል፤ «ተ/» ደግሞ «ተክለ» ወይም «ተስፋ»። ስለዚህ ዘርዝረህ በስሙ ቦታ አትተካው። የሚሆኑትን ሁሉ በፍለጋው ዓምድ በተለያየ ረድፍ አስገባቸው፤ በየትኛውም ቢፈለግ ይገኝ።

ሰርቨር_ጠባቂ፦
ያቺ የሕዝባር ምልክት እኔንም አስመርራኛለች። ፕሮግራሙ የሰውየውን ስም ወስዶ የፋይል ስም ሲያደርገው «ገ/ማርያም» የሚለው «ገ» የሚባል ማኅደርና በውስጡ «ማርያም» የሚባል ፋይል ይሆናል፤ ማኅደሩ ስለሌለ ደግሞ ማስቀመጡ ይከሽፋል። የፋይል ስም ከሰው ስም አይሠራ። የመዝገቡ ቁጥር ይበቃል።

አዲስ_ገቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ፤ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የምርቃት ሥራዬ የአማርኛ ዜናን በዓረፍተ ነገር መከፋፈል ነው። በአራት ነጥብ ከፋፍል ብዬዋለሁ፤ አንዳንዱን ዜና በትክክል ይከፋፍላል፣ አንዳንዱን ግን ሙሉውን እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር ይወስደዋል። በዓይኔ ሳየው አራት ነጥቡ አለ። ኮዱን ደጋግሜ ጻፍሁት፤ ለውጥ የለም።

ፊደል_ቆጣሪ፦
ኮዱን ተወውና ጽሑፉን መርምር። ፊደሉን ሳይሆን የእያንዳንዱን ፊደል የዩኒኮድ ቁጥር በስክሪኑ ላይ አትም። ከጽሑፍ ጋር ለሚሠራ ሰው ሁሉ የምመክረው የመጀመሪያ ዘዴ ይህ ነው። እንደምገምተው በአንዱ ዜና (በአሥራ ስድስት መሠረት ካተምኸው) 1362 ታያለህ፤ እርሱ እውነተኛው አራት ነጥብ ነው። በሌላው 1361 እና 1361 ተከታትለው ታያለህ፤ ይህ ጸሐፊው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ መትቶ የሠራው ነው። ለዓይን አንድ ናቸው፤ ለማሽን ግን አይደሉም። የላቲኑን ሁለት ነጥብ ደራርበው የሚጽፉም አሉ።

አዲስ_ገቢ፦
አተምሁት። ልክ እንዳሉት ነው! ከመከፋፈሉ በፊት ሦስቱንም ወደ 1362 ለወጥኋቸው፤ አሁን ሁሉም ይሠራል። በጣም አመሰግናለሁ።

ሌላም ልጠይቅ። የግዕዝ ቁጥር ያለባቸው ዜናዎች ላይ ፕሮግራሙ ይወድቃል።

ሰርቨር_ጠባቂ፦
በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ከሆነ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። «፭» አሃዝ ነው ወይ ብለህ ስትጠይቀው «አዎ» ይልሃል። አምነኸው ወደ ቁጥር ለውጥልኝ ስትለው ስህተት ይወረውራል። ዩኒኮድ ከ፩ እስከ ፱ ያሉትን አሃዝ ናቸው ቢልም በቦታ ዋጋ የሚጻፉ አይደሉም፤ የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፣ ለአሥር ፲፣ ለመቶ ፻፣ ለአሥር ሺህ ፼ የራሳቸው ምልክት አላቸው። «አስርዮሽ ነው ወይ» የሚለውን ሌላኛውን ጥያቄ ተጠቀም፤ እርሱ «አይደለም» ብሎ በትክክል ይመልሳል። መለወጫውን ራስህ ጻፈው፤ ጥሩ ልምምድ ነው።

መዝገብ_ቤት፦
ልጆች፣ የምትነጋገሩበትን እየተከታተልሁ ነው። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍሁት በሰነድ ክፍል ነው። እናንተ የምትጨነቁበት ጽሑፍ ቢያንስ ዩኒኮድ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በሦስተኛው እትም፣ በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ በየቢሮው የተተየበው ሰነድ ውስጡ የላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛ መስሎ የሚታየው በፎንቱ ሥዕል ብቻ ነው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። አንዱ ፎንት «ለ»ን ያስቀመጠበት ቦታ ላይ ሌላው «መ»ን አስቀምጧል። የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የመሬት ይዞታ፣ የትምህርት ማስረጃ በዚህ መልክ በየፍላሽ ዲስኩ ተኝቷል። ፎንቱን የሚያውቅ ሰው ሲያልፍ ሰነዱም አብሮ ያልፋል። ጉልበት ያላችሁ ይህን እንድታስቡበት እለምናለሁ።

ሰሜን_ኮከብ፦
ጋሼ፣ ልክ ብለዋል። ለእያንዳንዱ ፎንት አንድ የመለወጫ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። በ8 ቢት ውስጥ ያለው ቦታ 256 ብቻ ስለሆነ አንዳንዶቹ አንድን ፊደል ከሁለት ቁራጭ ገጣጥመው ነው የሚሠሩት፤ ስለዚህ ሠንጠረዡ ረጅሙን ጥምረት አስቀድሞ መፈለግ አለበት። የፎንቶቹን ስም ዝርዝርና የናሙና ሰነድ (የሰው ምስጢር የሌለበት) ቢያካፍሉን እኔ ሠንጠረዡን ለመጻፍ ፈቃደኛ ነኝ።

ቀን_ቆጣሪ፦
ስለ ስም ብዙ ተባለ፤ እኔ የምናደደው በቀን ነው። 12 ወር ብቻ የያዘ የቀን መምረጫ እያሳዩ «ለኢትዮጵያ የተዘጋጀ» ይላሉ። በጳጉሜን የተወለደ ሰው ልደቱን የት ይመዝግብ? የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ቅጽ ላይ አይቼዋለሁ፤ ሰዎች ሳይወዱ ነሐሴ 30 ወይም መስከረም 1 ብለው ይሞላሉ፤ በኋላ ከልደት ካርዳቸው ጋር አይገጥምም፤ እንደገና ደጅ ይጠናሉ።

ዋናው ጥፋት የኢትዮጵያን ቀን በጎርጎርዮሳዊ የቀን ዓይነት ውስጥ ለመጠቅጠቅ መሞከር ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 2016ን ለጃቫስክሪፕት (ለድረ ገጽ የፕሮግራም ቋንቋ) እንደ 13ኛ ወር ብትሰጡት፣ ወርን ከ0 ጀምሮ ስለሚቆጥር ጃንዋሪ 5 ቀን 2017 አድርጎ ይመልስላችኋል። ማስጠንቀቂያ የለም፣ ስህተት የለም። ትክክለኛው ሴፕቴምበር 10 ቀን 2024 ነው።

ሌላው «ከጎርጎርዮሳዊው ዓመት 7 ወይም 8 ቀንስ» የሚለው አቋራጭ ነው። «መስከረም 1 ማለት ሴፕቴምበር 11 ነው» ብሎ በኮድ ውስጥ መጻፍም አለ። 2015 ጳጉሜን 6 ቀን ነበራት፤ ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ደንቡ ቀላል ነው፤ ዓመቱ ለአራት ተካፍሎ ቀሪው 3 ከሆነ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። ጎርጎርዮሳዊው በ2100 አንድ ቀን ስለሚዘል ከዚያ ወዲያ ሁሉም እንደገና ይፈናቀላል።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። በመረጃ ቋቱ ውስጥ የምትቀመጠው ቀን የማንም አቆጣጠር ሳትሆን የዩልየስ ቀን ቁጥር የሚባለው፣ ቀኖችን ተራ በተራ የሚቆጥር አንድ ሙሉ ቁጥር ናት። ዓመት፣ ወርና ዕለት ሲሰጠኝ፦ 1724221፣ ሲደመር 365 ጊዜ (ዓመት ሲቀነስ 1)፣ ሲደመር ዓመት ለአራት ተካፍሎ (ቀሪው ተጥሎ)፣ ሲደመር 30 ጊዜ (ወር ሲቀነስ 1)፣ ሲደመር ዕለት ሲቀነስ 1። መስከረም 1 ቀን 2000ን ብታሰሉት 2454356 ይመጣል፤ ያው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። በሁለት ቀን መካከል ያለው ልዩነት ተራ መቀነስ ይሆናል። አቆጣጠሩ የሚመረጠው ለሰው ሲታይ ብቻ ነው።

ራሳችሁ መጻፍ ካልፈለጋችሁ አሳሾች የኢትዮጵያን አቆጣጠር ማሳየት ይችላሉ፤ ከጽሑፍ ማንበብ ግን አይችሉም። በ2014 (እ.ኤ.አ.) ከጃቫ 8 (ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ) ጋር የወጣው የጊዜ ላይብረሪ የጃፓንን፣ የታይዋንን፣ የታይላንድንና የሂጅራን ይዞ የእኛን ትቷል፤ ስሪቴን ኤክስትራ በሚባለው ተጨማሪ ላይብረሪ ውስጥ ግን አለ። የትኛውንም ብትጠቀሙ ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን ስጡትና ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 መመለሱን አረጋግጡ። ይህን አንድ ሙከራ ያላለፈ ፕሮግራም ለሰው መሰጠት የለበትም።

የሒሳብ_ሠንጠረዥ፦
@ቀን_ቆጣሪ በኤክሴል ደግሞ ይህን ሞክር። ኮምፒውተሩ ወርን በሚያስቀድም አቀማመጥ ላይ ከሆነ ለጳጉሜን 5 ብለህ 5/13/2016 ስትጽፍ «ሜይ 13» ብሎ በደስታ ይቀበልሃል። ጥር 8 ብለህ 8/5/2016 ስትጽፍ «ኦገስት 5» ይለዋል። ጥር 20 ብለህ 20/5/2016 ስትጽፍ ግን 20ኛ ወር ስለሌለ እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆናል፤ በቀን ቅደም ተከተል ስታሰልፈው ሁሉም ይተራመሳል። ዓምዱን ገና ባዶ ሳለ «ጽሑፍ» ብሎ መወሰን ነው ያለው መላ። የስልክ ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ 09 ብሎ የሚጀምረው ዜሮው ይጠፋል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። የሰው ዘረመል ስም የሚሰይመው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በ2020 (እ.ኤ.አ.) የአንዳንድ ዘረመሎችን ስም የለወጠው ኤክሴል ወደ ቀን እየቀየረ ስላስቸገረ ነው። ይህን ልማዱን ማጥፊያ አማራጭ የመጣው በ2023 ነው።

የአማርኛ ፋይል በኮማ ተለይቶ ወደ ኤክሴል ሲገባ የተበላሸ ምልክት ከሆነባችሁ ደግሞ፣ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ዩቲኤፍ 8 (የዩኒኮድን ቁጥር በባይት የሚጽፈው ዘዴ) መሆኑን የሚናገረው የሦስት ባይት ምልክት ይኑር።

ማዶ_ቨርጂኒያ፦
እኔ የምኖረው በዋሽንግተን አካባቢ ነው። እዚህ ቅጹ ሁሉ «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል። እናቴ የአባቷን ስም ሞላች፣ እኔ የአባቴን፣ ልጄ የእኔን፤ በአንድ ቤት ሦስት የቤተሰብ ስም። ትምህርት ቤት ልጅ ልትወስድ የሄደች አያት ዝምድናዋን ማስረዳት ይኖርባታል። ለአሜሪካ ሰው የተሠራ ፕሮግራም እንዲህ ቢሆን ይገባኛል። የሚያሳዝነኝ አዲስ አበባ ላይ ለኢትዮጵያውያን የሚሠሩ መተግበሪያዎች ይህንኑ ቅጽ እንዳለ ገልብጠው ማምጣታቸው ነው። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብለን መጠየቅ ምን ይከብደናል?

ሰርቨር_ጠባቂ፦
የስሙን ርዝመትም አስቡበት። አንድ የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይወስዳል። ርዝመቱ በባይት የሚለካ የ50 ዓምድ የሚይዘው 16 ፊደል ብቻ ነው፤ 17ኛው መሐሉ ላይ ይቆረጣል። ዓምዱ በፊደል የሚለካ መሆኑን አረጋግጡ።

በአጭር መልእክትም ያው ነው። በላቲን 160 ፊደል የሚይዘው አንድ መልእክት በአማርኛ 70 ብቻ ይይዛል፤ ከዚያ ካለፈ ለመቀጠያ ስለሚቀነስ እያንዳንዱ ክፍል 67 ይሆናል። በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ መጨረሻ ላይ አንዲት «።» ብታስገቡ እንኳ ሙሉው መልእክት ወደ 70ው ይወርዳል። ለታካሚ የቀጠሮ መልእክት ስትልኩ አሳጥራችሁ ጻፉ እንጂ ወጪ ለመቀነስ ብላችሁ አማርኛውን በላቲን አትጻፉ፤ እናቶቻችን ማንበብ ይቸገራሉ።

ቀን_ቆጣሪ፦
የቀጠሮ መልእክት ከተነሣ ሰዓቱንም! «2:00» ብቻ ተብሎ አይላክ። «ጠዋት 2 ሰዓት» ይባል። በስልኩ ሰዓት የሚያነብ 8 ሰዓት መሆኑን እንዲያውቅ ያንንም ጨምሩ። ባዶ ቁጥር የላከ ፕሮግራም ሰውን ስድስት ሰዓት ሙሉ ያጉላላል።

ጓዳ_ኮድ፦
ሁሉንም እየጻፍሁ ነው። የፍለጋውን ዓምድ አስገብቻለሁ፤ ሙከራዎቹም አልፈዋል። አንድ ነገር ግን ቆመ፤ ከለውጦቹ በኋላ የካርድ ማተሚያው አማርኛውን አራት ማዕዘን ሳጥን አድርጎ ያትማል። ከተረከብሁት ኮድ ጀምሮ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ለውጥ በጊት (የኮድ ለውጥ መዝጋቢ ፕሮግራም) ውስጥ አለ፤ የትኛው እንዳበላሸው አላውቅም።

ሰርቨር_ጠባቂ፦
አንድ በአንድ አትመልከት። የሚሠራውን የድሮ ለውጥና የማይሠራውን የዛሬውን ለጊት ባይሴክት ንገረው፤ መሐሉን ያወጣልሃል፤ ሞክረህ «ደኅና» ወይም «የተበላሸ» በለው፤ ከቀረው ግማሽ ደግሞ መሐሉን ያወጣል። ሺህ ለውጥ በአሥር ሙከራ ያልቃል። ሳጥን ከሆነ የጠፋው ፎንቱ ነው፤ ፊደሉ ቢበላሽ ኖሮ ሌላ ምልክት ታይ ነበር። የፒዲኤፍ ሥራው ላይ ፎንት የነካ ለውጥ ላይ ያደርስሃል።

ጓዳ_ኮድ፦
ደረሰ። አንድ ሰው የፋይሉን መጠን ለመቀነስ ብሎ በፒዲኤፉ ውስጥ የሚካተተውን የአማርኛ ፎንት አውጥቶት ነበር። መልሼዋለሁ።

አሁን የቀረኝ ድርብ ካርዶችን ማዋሐድ ነው። ፕሮግራሙ በራሱ ያዋሕዳቸው ወይስ ሰው ይይ?

ፊደል_ቆጣሪ፦
ሰው ይይ! ስማቸው የሚገጥም ሁለት የተለያዩ እናቶች ይኖራሉ። አንዷ የሌላዋን መድኃኒት ትወስዳለች። ፕሮግራሙ ጥንዶቹን ብቻ ያቅርብ፤ ከጎን የአባትና የአያት ስም፣ የልደት ዘመን፣ ቀበሌና ስልክ ይታይ። የሚያዋሕደው ታካሚዋን ጠይቆ ያረጋገጠ ሠራተኛ ይሁን፤ የድሮው ካርድ ቁጥርም አይሰረዝ፤ በእርሱ ሲፈለግ ወደ አዲሱ ይምራ።

ሰሜን_ኮከብ፦
ፋንክሽኑን ስታወጣው እዚሁ ለጥፈው። እስከዚያው አንድ ነገር ተመልከት፤ በዝርዝርህ ውስጥ «ኸ» እና «ኻ» የሉም። በስም ላይ ብዙ ባይገጥምህም «ኻያ» ብሎ የሚጽፍ ሰው አለ፤ በአድራሻ ፍለጋ ላይ ይመጣብሃል።

ጓዳ_ኮድ፦
ሁለቱንም በአማርኛው ሠንጠረዥ ውስጥ አስገባኋቸው፤ በትግርኛው ግን አልነካኋቸውም። ከነሙከራዎቹ ነገ እለጥፋለሁ።